የቆዩ የአርኬድ ማሽኖችን ለመጠገን፣ ጀማሪ መጀመሪያ የትኞቹን መሣሪያዎች ይግዛ?

ጀማሪው ከዓለም ገና

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በዓለም ገና ነው። የልጆች መዝናኛ የነበረ አንድ ቤት ሲዘጋ ሁለት የቆዩ የአርኬድ ማሽኖች (ሳንቲም እየተከተተባቸው የሚሠሩ ትልልቅ የቪዲዮ ጨዋታ ሳጥኖች) በርካሽ ገዝቼ፣ በአይሱዙ አስጭኜ ወደ ግቢዬ አስገብቻለሁ። አንደኛው የካፕኮም «ስትሪት ፋይተር 2» ቦርድ ያለበት ሲሆን ሁለተኛው የኤስኤንኬ «ኒዮ ጂኦ» ነው። የመጀመሪያው ሲበራ ምስሉ በደህና ይመጣል፤ ይሁን እንጂ ጥቂት ቆይቶ ራሱን ያጠፋና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። በዚህም ላይ የቡጢ ቁልፎቹ እየሠሩ የእርግጫ ቁልፎቹ በሁለቱም ተጫዋቾች በኩል አይታዘዙም። ሁለተኛውን እስካሁን ሶኬት ላይ አልሰካሁትም፤ ከጀርባው የተለጠፈው ጽሑፍ 100 ቮልት ስለሚል በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል ብዬ ፈርቻለሁ።

ሙያዬ የቤት ዕቃ ሥራ በመሆኑ የሳጥኑ እንጨት አያሳስበኝም። የኤሌክትሮኒክስ ነገር ግን ለእኔ አዲስ ነው፤ በእጄ ያሉትም ካቻቢቴዎች፣ ፒንሳና ተራ የመስመር መፈተሻ ቴስተር ብቻ ናቸው። በየቦታው ያነበብኳቸው የመሣሪያ ዝርዝሮች ከመበየጃ ካውያ ተነሥተው እስከ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ድረስ ስለሚሄዱ፣ ሁሉንም ልግዛ ብል ከማሽኖቹ ዋጋ በላይ ሊያስወጣኝ ነው። ወደ መርካቶ ከመውጣቴ በፊት የትኛው እንደሚቀድምና የትኛው ሊቆይ እንደሚችል ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ትውሉልኛላችሁ።

የድሮ ቴሌቪዥን ጠጋኝ (ቃሊቲ)

ልጄ፣ ሁለተኛውን ሳትሰካው መቆየትህ በጣም ጥሩ ነው። እኔ በቴሌቪዥን ጥገና የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የአርኬድ ማሽን ስክሪንም በውስጡ ከድሮ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ብዙም ስለማይለይ የምነግርህ ስለ እሱና ስለ መብራቱ ነው፤ ስለ ጨዋታው ቦርድ ሌሎች የተሻለ ይነግሩሃል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልግህ መሣሪያ ከሱቅ የሚገዛ አይደለም፤ ራስህ የምትሠራው ነው። በሙያችን ሲሪየስ ላምፕ የምንለውን ማለቴ ነው። የድሮውን ባለ ክር አምፖል፣ ከ60 እስከ 100 ዋት የሚሆነውን፣ ማሽኑ መብራት በሚያገኝበት አንደኛው ሽቦ መካከል አስገብተህ ታያይዘዋለህ። ማሽኑ ሲበራ አምፖሉ ለቅጽበት ደምቆ ከደበዘዘ ነገሩ ደህና ነው፤ እንደ ደመቀ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ ማለት ነውና ወዲያውኑ ታጠፋለህ። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ባለ ክሩ ዛሬ እየጠፋ ስለሆነ ካገኘህ ሁለት ሦስት ያዝ። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ (ለቦርዱ የሚሆነውን ዝቅተኛ ቮልት የሚያዘጋጀው ክፍል) ከአምፖሉ ጋር ሲያያዝ ቮልቱ ስለሚያንሰው ሊነሣ እምቢ ይላል፤ አምፖሉ እስካልደመቀ ድረስ በዚህ አትደንግጥ።

100 ቮልት ለሚለው ማሽን ቮልት ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል፤ ለአንድ ማሽን ቢያንስ 300 ዋት የሚችል ይሁን። ስለ 50 ኸርዙ አትጨነቅ፤ ጃፓን ራሷ በምሥራቁ በኩል 50 ኸርዝ፣ በምዕራቡ በኩል 60 ኸርዝ ስለምትጠቀም ዕቃዎቿ ለሁለቱም የተሠሩ ናቸው፤ የጨዋታው ፍጥነትም ቦርዱ ላይ ባለው ክሪስታል እንጂ በመብራቱ አይወሰንም። ነገር ግን በገበያ ከሚሸጡት ማውረጃዎች ብዙዎቹ አውቶ ትራንስፎርመር መሆናቸውን እወቅ፤ ቮልቱን ያወርዳሉ እንጂ ከመስመሩ አይለዩህም። ከብዙ የአርኬድ ስክሪኖች ውስጥ የመሬት መስመር የሚመስለው ብረት በቀጥታ ከመብራቱ ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ አምራቹ በሳጥኑ ውስጥ ያስቀመጠውን መለያ ትራንስፎርመር አንድ ቀድሞ የነካ ሰው አልፎት እንደሆነ ሽቦውን ተከትለህ ሳታረጋግጥ ስክሪኑን አታብራ።

በከተማው ዳር የሚኖር ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። መስመሩ ረጅም ስለሆነ ማታ ማታ ቮልቱ ይወርዳል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣም ከፍ ብሎ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ማሽኑን ከሶኬቱ ንቀለው፤ ተመልሶ ከረጋ በኋላ ስካው። ብዙ የኪራይ ቤቶች ሦስተኛው የሶኬት ቀዳዳ ከምንም ጋር ያልተገናኘ ጌጥ ነው፤ የማሽኑ የሳንቲም በር ብረት በመሆኑ ልጆች በእጃቸው የሚደገፉት እሱን ነው። ኧርዝ መኖሩን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳታስመረምር ማንም ሰው እንዲጫወት አትፍቀድ።

አሁን ወደ ቱቦው ልምጣ፤ እዚህ ላይ እንድትቸኩል አልፈልግም። በቱቦው ጎን የላስቲክ ኮፍያ ለብሶ የሚገባው ወፍራም ሽቦ ማሽኑ ሲሠራ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይሸከማል፤ መብራቱ ከተነቀለ በኋላም ቱቦው ያንን ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እጀታው በደንብ የተሸፈነ፣ ረጅምና ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው አንድ ካቻቢቴና ሁለት ጫፉ መያዣ ቅንጥብ ያለበት ወፍራም ሽቦ ለዚህ ሥራ ብቻ ለይተህ አስቀምጥ። ማሽኑን ከሶኬት ትነቅላለህ። የሽቦውን አንድ ጫፍ በቱቦው ጀርባ ላይ ከተዘረጋው እርቃን የሽቦ ጉንጉን ጋር፣ ሌላውን ጫፍ ከካቻቢቴው ብረት ጋር ታያይዛለህ። ከዚያ አንድ እጅህን ወደ ኋላህ አድርገህ፣ በሌላው እጅህ የካቻቢቴውን ጫፍ በላስቲኩ ሥር ቀስ አድርገህ አስገብተህ ውስጥ ያለውን ብረት ትነካለህ። ጠቅ የሚል ድምፅ ልትሰማ ትችላለህ፤ ባትሰማም ነክተኸዋል ብለህ አትተማመን፤ ጥቂት ቆይተህ ድገመው፣ መስታወቱ ተመልሶ ኃይል ያጠራቅማልና። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ደግሞ ብልጭታ ከቆላ ይልቅ ርቆ ይዘላል። መጽሐፍ ላይ «ይህን ያህል ራቅ» የሚል ካነበብክ አንተ ከዚያ በላይ ራቅ። ብቻህን በሆንክበት ሰዓትም ይህን ሥራ አትጀምር።

የሞባይል ጠጋኟ (የካ አባዶ)

ጋሼ ስለ ቱቦው የነገሩህን ደግሜ ደጋግሜ አጸናዋለሁ። እኔ የምጨምረው አንድ ሐሳብ ነው፤ ምናልባት ከሌሎች ጋር ላንስማማ እንችላለን። መበየጃ ካውያን አሁን አትግዛ። ጀማሪ ካውያ በእጁ ሲገባ የሚበየድ ነገር ይፈልጋል፤ በቆዩ ማሽኖች ላይ የሚያጋጥመው ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ የመሰኪያ፣ የቆሻሻ፣ የማይክሮ ስዊች (በቁልፉ ሥር ያለችው ትንሽ ማብሪያ) ወይም የፓወር ሰፕላይ ነው፤ ከእነዚህ ብዙዎቹም ያለ ብየዳ ይፈታሉ።

ገንዘብህን መልቲሜትር ላይ አውለው፤ ዲጂታል፣ ሲነካካ ድምፅ የሚሰጥ የኮንቲኒዩቲ (መስመሩ አለመቋረጡን የሚነግር) መፈተሻ ያለው፣ ገመዱም ያልሳሳ ይሁን። የያዝከው የካቻቢቴ ቴስተር መስመር መኖሩን ይነግርሃል እንጂ መጠኑን አይነግርህም፤ የአርኬድ ጥገና ደግሞ ጉዳዩ ሁሉ መጠን ነው። ከእሱ ጋር መካከለኛና ትንሽ የመስቀል ጫፍ ካቻቢቴዎች፣ የሳንቲም በሩን ለመክፈት ባለ ስድስት ጎንና የኮከብ ጫፍ ቁልፎች፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከፍተኛ ንጽሕና ያለው አይሶፕሮፒል አልኮልና አንድ ነጭ የተማሪ ላጲስ ያዝ። ጥሩ የራስ ባትሪም ያስፈልግሃል፤ የማሽኑ ሆድ ጨለማ ነው፣ ሁለቱም እጆችህ ደግሞ ሥራ ላይ ናቸው።

የማሽንህ ቦርድ ጃማ በሚባለው የጃፓን ስታንዳርድ የተሠራ ነው፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ አብዛኞቹ አምራቾች ስለተቀበሉት አንድን ቦርድ ነቅሎ ሌላ መሰካት የተቻለው በእሱ ምክንያት ነው። መሰኪያው በአንድ ጎን 28፣ በሁለቱ ጎን 56 መስመሮች አሉት። 1ኛውና 2ኛው መሬት፣ 3ኛውና 4ኛው 5 ቮልት፣ 6ኛው 12 ቮልት ነው፤ 7ኛው ላይ መሰኪያው ተገልብጦ እንዳይገባ የሚከለክል ቁራጭ ይኖራል። ያ ቁራጭ ወድቆ ከሆነ ከመንቀልህ በፊት ሁለቱንም ጎን በቀለም ምልክት አድርግበት፤ ተገልብጦ ከገባ ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል።

ስለ እርግጫ ቁልፎቹ ግን መሣሪያ ሳትገዛ መልስ ልታገኝ የምትችል ይመስለኛል። ጃማ ለስድስት ቁልፍ ጨዋታ አልተሠራም፤ ስለዚህ «ስትሪት ፋይተር 2» ሦስቱን የእርግጫ ቁልፎች የሚቀበለው በቦርዱ ላይ ባለ ሌላ ለብቻው በሆነ መሰኪያ ነው። ቡጢ እየሠራ እርግጫ በሁለቱም በኩል ባንዴ ከጠፋ፣ ሁሉም ስዊቾች በአንድ ቀን ሞቱ ከማለት ያ መሰኪያ በጭነቱ ወቅት ወልቋል ማለት ይቀላል። ሽቦው ከቁልፎቹ ተነሥቶ የት እንደሚሄድ ተከተለው።

ራሱን እያጠፋ የሚነሣው ደግሞ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው 5 ቮልቱ ነው። ቦርዱ ላይ ያሉት ቺፖች ከ4.75 እስከ 5.25 ባለው ውስጥ ብቻ በአስተማማኝ ሁኔታ ይሠራሉ። ነገር ግን ፓወር ሰፕላዩ ላይ ለክተህ አትመለስ፤ ቦርዱ ላይ ለካ። 14 እግር ካላቸው የ74 ተከታታይ ትንንሽ ቺፖች በአብዛኞቹ ላይ 7ኛው እግር መሬት፣ 14ኛው 5 ቮልት ነው፤ ባለ 16 እግር ከሆነ 8ኛውና 16ኛው ናቸው። ጨዋታው እየሄደ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በእነዚህ ላይ አሳርፍ፤ ጫፉ ተንሸራቶ ሁለት እግሮችን እንዳያገናኝ እጅህ ይርጋ።

ጀማሪው ከዓለም ገና

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አምፖሉን ሠርቻለሁ፣ ኧርዙንም አስመርምሬ እርስዎ እንዳሉት ጌጥ ሆኖ ስለተገኘ በማሠራት ላይ ነኝ። እህቴ፣ ስለ እርግጫው ያልሽው ልክ ነበር፤ ባለ ብዙ ሽቦ መሰኪያው ወልቆ ከሳጥኑ ወለል ላይ ተኝቶ አገኘሁት። መልቲሜትሩንም ገዝቼ ለክቻለሁ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 5.02 ያሳያል፤ ቺፑ እግር ላይ ግን 4.61 ነው። ፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ በካቻቢቴ የምትዞር ትንሽ ማስተካከያ አይቻለሁ፤ እሷን አዙሬ ቺፑ ላይ 5 እስኪሆን ከፍ ላድርገው?

የሞባይል ጠጋኟ (የካ አባዶ)

አሁን አታዙራት። በመንገድ ላይ 0.4 ቮልት ጠፍቷል ማለት አንድ ቦታ ሽቦው ወይም መሰኪያው መስመሩን ይዞ እየከለከለ ነው፤ የተከለከለው ኃይልም እዚያው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከፍ ብታደርገው ጨዋታው ለጊዜው ይስተካከላል፤ መሰኪያው ግን የበለጠ እየጋለ ይሄዳል፤ አንድ ቀን መሰኪያውን ያጸዳህ ዕለት ደግሞ ቦርዱ ከሚገባው በላይ ቮልት ያገኛል።

ማሽኑን ነቅለህ መሰኪያውን ከቦርዱ አላቀውና 3ኛውንና 4ኛውን መስመር ከመሬቶቹ ጋር በባትሪ ብርሃን ተመልከት። የቦርዱ ጠርዝ ላይ ያሉት ጣቶች (መሰኪያው የሚነካቸው የብረት መስመሮች) ደብዝዘው ወይም ጠቁረው ከሆነ በላጲስ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ከቦርዱ ወደ ውጭ እየሳብክ ጥረጋቸው፤ ፍርፋሪውን በብሩሽ አንሥተህ በአልኮል አጽዳ። አሸዋ ወረቀት በፍጹም አታቅርብ፤ ሽፋኑን ይገፍፈዋል፣ ከዚያ በኋላ ዝገት አይለቀውም። በመሰኪያው በኩል ደግሞ የ5 ቮልቱ መያዣ ፕላስቲክ ወደ ቡና ቀለም ተለውጦ እንደሆነ እይ። ከተለወጠ ያ ቦታ ሲግል የኖረ ነው፤ ምላሱም ጉልበት አጥቶ ላልቷል፤ ማጽዳት ለጥቂት ጊዜ ይረዳል እንጂ መሰኪያውን መለወጥ አይቀርም። አዲሱን ስትገዛ በጣቶቹ መካከል ያለው ርቀት 3.96 ሚሊ ሜትር መሆኑን ለሻጩ ንገረው፤ በዓይን ተመሳሳይ የሚመስሉ ሌሎች መጠኖች አሉ። ሁሉም ከጸዳ በኋላ እንደገና ለካና የቀረው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ያን ጊዜ ማስተካከያዋን በጥቂቱ፣ ቺፑ ላይ እያየህ አዙር።

የኒዮ ጂኦ ወዳጅ (ቡራዩ)

ስለ ሁለተኛው ማሽን ማንም ስላላነሣ እኔ ልግባ፤ ምክንያቱም እሱ ሳይሰካም እየተበላሸ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ የኒዮ ጂኦ የአርኬድ ቦርዶች ላይ 3.6 ቮልት የሆነ፣ በርሜል የሚመስል የሚሞላ ባትሪ በቀጥታ ተበይዶ ይገኛል። ይህ ባትሪ ሲያረጅ ያፈስሳል፤ ፈሳሹም በቦርዱ ላይ ያሉትን ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ይበላል። ቦርዱን አውጥተህ በባትሪው ዙሪያ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ካየህ የማትዘገይበት ሥራ መጥቷል ማለት ነው፤ እህታችን ካውያ አትግዛ ያለችው ምክር እዚህ ላይ ያበቃል።

ባትሪውን እግሩን በመቁረጫ ፒንሳ ቆርጠህ አውጣው። ፈሳሹ አልካሊ ስለሆነ በሎሚ ጭማቂ ወይም በአቼቶ በተነከረ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብለህ እሸው፤ አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም በንጹሕ ውኃ፣ ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውኃ ቢሆን ይመረጣል፣ ካጠብክ በኋላ በአልኮል ጠርገህ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ተወው። በክረምት ከሆነ ማድረቁ ይረዝማል፤ ደረቀ ብለህ አትቸኩል። ከዚያም በመልቲሜትሩ ኮንቲኒዩቲ የተበሉትን መስመሮች አንድ በአንድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈትሽ። ባትሪው ከወጣ ቦርዱ ሰዓቱንና ነጥቦችን ይረሳል እንጂ ጨዋታው ይሠራል።

ይህን ሕግ ግን በሁሉም ቦርድ ላይ አትጠቀምበት። ወደፊት የካፕኮም ሲፒ ሲስተም 2 ቦርድ እጅህ ከገባ እዚያ ያለው ባትሪ የጨዋታውን መክፈቻ ቁልፍ በሕይወት የሚያቆይ ነው፤ ካወጣኸው ወይም እስኪሞት ከጠበቅኸው ጨዋታው አይነሣም፤ ቁልፉን መልሶ የሚጽፍ ሰው መፈለግ ሊኖርብህ ነው። አሁን ያለህ «ስትሪት ፋይተር 2» በ1991 እ.ኤ.አ. ከወጣው የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ ይህ ጣጣ የለበትም።

ኦሲሎስኮፕን ለጊዜው እርሳው። በእሱ ፈንታ ሎጂክ ፕሮብ የሚባለውን፣ እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ስታገኝ ግዛ፤ ከቦርዱ 5 ቮልትና መሬት ይወስዳል፣ ጫፉን በቺፕ እግር ላይ ስታሳርፈው መስመሩ ከፍ ያለ፣ ዝቅ ያለ ወይም ከፍ ዝቅ እያለ የሚመታ መሆኑን በመብራትና በድምፅ ይነግርሃል። መምታት የነበረበት የአድራሻ መስመር ዝም ብሎ ከተገኘ ጥርጣሬህ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ። የኢፕሮም (የጨዋታው ፕሮግራም የተጻፈበት ቺፕ) ማንበቢያው የዚያ ተከታይ ነው፤ መጀመሪያ ቦርዱ መነሣት አለበት።

የድሮ ቴሌቪዥን ጠጋኝ (ቃሊቲ)

ስለ ካውያው የተነሣውን ክርክር ላስታርቀው። ካውያውን ግዛው፤ ማሽኑ ላይ ግን አታሳርፈው። ሙቀቱ የሚስተካከል፣ 60 ዋት አካባቢ የሆነ፣ ከእሱ ጋር የሶልደር መምጠጫ ፓምፕ፣ መምጠጫ ሽቦና ፍላክስ (ሶልደሩ በደንብ እንዲይዝ የሚቀባው) ይኑርህ። ከዚያ ምናለሽ ተራ ወርደህ የሞቱ ሬዲዮኖችና የቴሌቪዥን ቦርዶች በትንሽ ዋጋ ግዛና ባለ ብዙ እግር ቺፖችን ከእነሱ ላይ ማውጣትን ተለማመድ። ቺፑ ሲወጣ የመዳቡ ክብ አብሮ ካልተነሣ፣ በተከታታይም እንዲሁ ከሆነልህ፣ ያን ጊዜ ወደ ኒዮ ጂኦው ትሄዳለህ። እስከዚያ ድረስ ባትሪውን ቆርጠህ ማጽዳት ካውያ አይፈልግምና ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊውዝ ሲቃጠል በመዳብ ሽቦ የሚያስተሳስሩ ሰዎች አሉ፤ ከቀድሞ ባለቤቶቹ አንዱ እንዲህ አድርጎ እንደሆነ ሁሉንም የፊውዝ ቤቶች አሁኑኑ ክፈትና እይ። በእያንዳንዱ አጠገብ የተጻፈውን አምፔር ወረቀት ላይ መዝግበህ ትክክለኛውን ፊውዝ ከነመጠባበቂያው ገዝተህ በሳጥኑ ውስጥ በፌስታል አስረህ አስቀምጥ። ፓወር ሰፕላዩን የምትከፍት ከሆነ ደግሞ ትልቁ ኮንደንሰር 220 ቮልቱ ወደ ዲሲ ሲለወጥ 310 ቮልት ገደማ ስለሚይዝ፣ ከነቀልከው በኋላ በመልቲሜትሩ ለክተህ ወደ ዜሮ መውረዱን ሳታይ ጣትህን አታስገባ። መርካቶ ስትሄድ ኮንደንሰር የምትገዛ ከሆነም 105 ዲግሪ (የሚችለው ሙቀት ነው) የተጻፈበትን ጠይቅ፤ 85 የተጻፈበትን በዚያው ዋጋ ሊሰጡህ ይሞክራሉ።

ጀማሪው ከዓለም ገና

የመሰኪያው ፕላስቲክ በ5 ቮልቱ በኩል በእርግጥ ቡናማ ሆኖ ተገኝቷል። በላጲስና በአልኮል ካጸዳሁት በኋላ ቺፑ ላይ 4.88 ሆኗል፤ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲሠራ ቆይቶም ራሱን አላጠፋም። አዲስ መሰኪያ በ3.96 ሚሊ ሜትር መርካቶ ልፈልግ ነው። የኒዮ ጂኦው ባትሪ ዙሪያው አረንጓዴ ነው፤ ዛሬ ቆርጬ አወጣዋለሁ፤ ሎሚ ከግቢዬ አለኝ። የተበሉት መስመሮች ስንት እንደሆኑ ከፈተሽኩ በኋላ ፎቶውን እዚሁ እለጥፋለሁ።